የእማማ አዝራር ጀርባ

ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ

ውድ ልጄ፣ የአብራኬ ክፋይ፣

እንደምን ሰነበትክ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ሚስትህን ሳሉ ለቀቃት? እኔ ደህና ነኝ። በየሳምንቱ በስልክ እየተነጋገርን ደብዳቤ ምን አመጣው ብለህ ይሆናል። ስልክ ላይ እኮ የምትናገረው አንተ ብቻ ነህ። እኔ አፌን ስከፍት «እማዬ፣ በእሱ ታመኚ፣ እሱ የጣለው የለም» ትልና ረቢህ ያስተማሩህን አንድ በአንድ ትተነትንልኛለህ። ከዚያ ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ ስልኩም ይዘጋል። ወረቀት አያቋርጠኝምና አረፍ ብለህ አንብበኝ።

እማማ አዝራር አርፈዋል፤ ወር አልፏቸዋል። ምኩራቡ አጠገብ አዝራርና ክር ይሸጡ የነበሩት ናቸው። የካፖርትህን አዝራር በጣልክ ቁጥር አምሳያውን ለማግኘት ያንን ሁሉ ጣሳ ሲያገላብጡ አንድ ቀን እንኳ ተሰላችተው አያውቁም። ልጃቸውንም ታውቀዋለህ፤ ሰፈሩ «እሱ ያውቃል» እያለ የሚጠራው መስታወት ነጋዴ ነው። ዝናብ ቢጠፋ እሱ ያውቃል፣ የጎረቤት ቤት ቢቃጠል እሱ ያውቃል። በሰንበት የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ ሲወዛወዝ ያየ፣ ይሄ ሰው ዛሬ መልአክ ሳያወርድ አይነሳም ይላል። ስሙን ስጽፍ እንኳ እጄን መታጠብ ያምረኛል።

እናቱ የአልጋ ቁራኛ ከሆኑ ወዲህ ልንጠይቃቸው ስንሄድ ከበር ይመልሰን ነበር። ተኝተዋል ይለናል። ተራ ገብተን እናጥባቸው፣ እናገላብጣቸው አልነው። ፈገግ ብሎ፣ እናቴን የያዘ ከእናንተ የሚበልጥ አለ፣ አስታማሚ የሚፈልግ እምነት የጎደለው ሰው ነው አለን። ሌላ ቀንም ሄድን፣ ያንኑ አለን። ጓደኛዬ አዋላጇ ደረጃውን ስትወርድ የተሳደበችውን እዚህ አልጽፍልህም።

ሲሞቱ ግን በሩን ከፈተልን፤ ሬሳ አጣቢ ያስፈልገዋላ። የምኩራቡ ሬሳ አጣቢዎች አዋላጇና እኔ ነንና ገባን። እሷ መግቢያውንም መውጫውንም የምጠብቀው እኔ ነኝ እያለች መቀለድ ትወዳለች፤ ያን ቀን አልቀለደችም። አሠራራችንን ታውቃለህ። ወሬ አናወራም፣ የምናጥበውን ብቻ ገልጠን መልሰን እንሸፍናለን። ውሃውን እያፈሰስን የሰውን አካል የሚያወድሰውን ቃል እናነባለን። ለራስ ቃል አለው፣ ለእጅ አለው፣ ለእግር አለው። ለጀርባ የለውም። በጎን ስናዞራቸው አንሶላው ከጀርባቸው ተጣብቆ አብሮ መጣ።

ከዚህ በላይ አልነግርህም፤ እዚያ ክፍል የታየ እዚያው ይቀራል። ስንቱን አጥቤ እጄን ተለቃልቄ ምሳዬን በልቼ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ምሳ ሳልበላ ዋልኩ። ምግብ ያስጠላኝ ቁስሉ አይደለም። ከግድግዳው ማዶ ልጃቸው ይጸልይ ነበር፤ ድምፁ ማማሩ ነው ያንገሸገሸኝ።

ስንጨርስ እንደ ሁልጊዜው፣ ስናጥብዎት ያጎደልነው ክብር ካለ ይቅር ይበሉን ብለን እማማን ለመንናቸው። አዋላጇ እያለቀሰች፣ ይቅርታ የምንጠይቀው እኛ ነን እንዴ አለችኝ። ባልዲውን አንስቼ ውሃውን ልደፋ ወጣሁ።

ለቅሶ ቤት ስንደርስ ቤቱ ጢም ብሏል። እሱ ዝቅ ያለችው ዱካ ላይ ተቀምጦ እናቱ እንዴት በእምነት እንዳለፉ ይተርካል። አንድ ቀን አላማረሩም፣ ሐኪም ጥሩልኝ አላሉም፣ እንደ ሕፃን በአምላካቸው እቅፍ ተኙ ይላል። ሰው ዕንባውን ይጠርጋል፣ ረቢያችን ሳይቀሩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ እኔን አየኝና ወደኔ ዞረ።

«እስቲ እርስዎ ይንገሯቸው፤ የእናቴ ፊት እንዴት ያበራ ነበር?»

የሟች ገመና አላወጣም። መዋሸትም አልችልበትም።

«ፊታቸውን ልብ አላልኩትም» አልኩት። «ጀርባቸውን ግን አይቼዋለሁ።»

ለሌላው ሰው ምንም አልመሰለውም። እሱ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። እሱ ያውቃል ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው።

ረቢው በር ድረስ ተከትለውኝ ምን ማለቴ እንደሆነ ጠየቁኝ። ያየሁትን ትቼ አያትህ ያስተማረኝን ነገርኳቸው። አባቴ በራስሽ ረሃብ ጊዜ በእግዚአብሔር ታመኚ፣ ሌላ ሰው ሲራብ ግን ከአንቺ በቀር ማንም እንደሌለው ሆነሽ ሩጪ ይለኝ ነበር። እምነትሽን ለራስሽ ጭንቀት አድርጊው እንጂ የጎረቤትሽ ቁስል ላይ አትለጥፊው ይለኛል። ታዲያ ሰው ለምን ተፈጠረ ብዬ ስጠይቀው ሁለት እጆቹን ዘርግቶ አሳየኝ። ረቢው፣ ይሄን በሰንበት እናገረዋለሁ አሉኝ። ይናገሩት አይናገሩት አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህ ምኩራብ አልሄድኩም።

በስልክ ትንሽ አዳልጦኝ ነበር ያልኩህ ያን ዕለት ከለቅሶ ስመለስ ነው። ዳሌዬ ላይ ነው የወደቅኩት። አዋላጇ ልጇ ዘንድ ሄዳለች። ምድር ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናዋን እያቆመች ትወጣለች፤ ሾርባ ታመጣልኛለች፣ ታገላብጠኛለች። እሷ ሰንበት አታውቅም፣ ጸሎትም አታውቅም። ስመርቃት ትስቅብኛለች። እኔን ግን እሷ ናት የደረሰችልኝ።

ባለፈው ደውለህ ስለ መታመን ያልከኝን ሁሉ ሰምቻለሁ። ድምፅህ እኮ ያምራል፣ ልጄ።

ትናንት ልብስ ሰፊዋ አንሶላዬን ስትቀይር ጀርባዬን አየችው። መልሳ ሸፈነችኝ። ሄዳ መስኮቱን ከፈተችው። ጥሩ አጣቢ ይወጣታል።

ምናልባት በዚህ በኩል ካለፍክ ቁልፉ እሷ ጋ ነው። በር አታንኳኳ፤ ተነስቼ አልከፍትልህም።

አምላክ ልጆችህን ያሳድግልህ። እጃቸውን ያበርታው። አርጅተህ ስትተኛም ከአጠገብህ አያርቃቸው።

እናትህ