ስለታሰሩት በርጩማዎችና ስለተሰቀሉት እግሮች

ለክቡር አቶ ቬሊሚር ስታኖይሎቪች
የላይኛው ገበያ ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን በትሕትና እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ ትከሻዎ፣ በተለይ በተለይ እግሮችዎ እንዴት ሰነበቱ? እኛ የገበያዎ ሴቶች ከጉልበታችን በታች ካለው ጉዳይ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እኔ ደሳንካ ራዶይቺች እባላለሁ። በዋናው በር ሲገቡ በስተግራ አይብ የምሸጠው፣ እርስዎም «ጨው በዝቶበታል» እያሉ ሦስቴ ቀምሰው የሄዱት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ምስጋናዬ በቢሮዎ በር ጠቦ የማይገባ ቢሆንብኝ ነው።

ባለፈው ዓመት ቪየና ደርሰው ሲመለሱ፣ እዚያ ሻጭ ሁሉ ቆሞ እንደሚሸጥ በዓይንዎ አይተው፣ በርጩማዎቻችንን አንድም ሳይቀር ሰብስበው ከቢሮዎ ሥር ባለው መጋዘን ስለቆለፉባቸው ምን ብለን እናመስግንዎ? «የምትቀመጥ ሻጭ ደንበኛዋን ታስተኛለች» ብለውናል። እውነትዎን ነው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ በገበያው የተኛ ሰው የለም፣ እኛም ማታ በእግር ሕመም አንተኛም። አሁን ቅሬታ እንዳይመስልብኝ እየፈራሁ ጥቂት ነጥቦችን ላቅርብ።

1. ከጠዋት እስከ ማታ ቆመን ስንውል እግራችን ያብጣል፣ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ የካልሲው ጠርዝ ቆዳችን ላይ ቦይ ቆፍሮ ይቀራል። ባቴ ላይ ደግሞ ሰማያዊ ደም ሥሮች ተጠማዝዘው ወጡ። ባለቤቴ አንድ ምሽት መነጽሩን አድርጎ ሲመረምረኝ ቆይቶ «የሞራቫ ወንዝ እዚህ ጋ ነው የሚታጠፈው» አለኝ። ለዚህ የቤት ውስጥ የጂኦግራፊ ትምህርት እናመሰግናለን።

2. የገበያችን የሕክምና ምሁር፣ ጥቅል ጎመን የምትሸጠው ጎረቤቴ ራዶይካ፣ እግሬን ገና ከሩቅ አይታ በሽታውን አወቀችው። «ደሲ፣ ንፋስ ነው የመታሽ! በሩን ዝጊ፣ ጎመኑን በሞቀ አረቄ ንከሪና እሰሪበት፣ የተረፈውን ጠጪው!» አለችኝ። እኛ አገር ንፋስ የማይገድለው ሰው የለምና ሁላችንም አመንን። የገበያውን በርና መስኮት ጠረቀምን፣ ጎመን ታጠቅን፣ ማታ ማታም እግራችንን ምድጃ ሥር ዘርግተን አበሰልነው። ገበያው በፕሪም አረቄ ከመታወዱ የተነሣ ቄሱ ሽንኩርት ሊገዙ መጥተው «ሠርጉ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። የራዶይካ ጎመን እኩለ ቀን ሳይሞላ ያልቅ ጀመር። ክቡርነትዎ «ሻጮቻችን በመቆማቸው የጎመን ሽያጭ ጨመረ» ብለው ለከተማው ጋዜጣ የሰጡት መግለጫ ፍጹም ትክክል ነው። ጎመኑን የገዛነው እኛው ነን።

3. እዚህ ላይ ሳቄን ላቁም። ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ያለው ቆዳ ጠቆረ፣ አሳከከኝ፣ ከዚያ ትንሽ ቁስል ወጣና አልድን አለ። አክስቴ እንዲህ ያለ ቁስል ይዛ ነው መቃብር የወረደችው፤ ፈራሁ፣ አልደብቅም። ወደ ዶክተር ኢሲዶራ ሄድኩ። ዶክተሯ ጎመኑን በሁለት ጣት አንሥታ አየችውና «ወይዘሮ ደሳንካ፣ ይሄን ላክመው ወይስ ልቀቅለው?» አለችኝ። በአልትራሳውንድ ስታየው ንፋስ የሚባል ነገር የለበትም። ደም ሥሬ ውስጥ ያሉት መዝጊያዎች ደክመው፣ ወደ ልብ መውጣት ያለበት ደም ተመልሶ ቁልቁል ይጠራቀማል። ምድጃውማ አባሰው። ቁስሌን በሥርዓት አከመችው፤ ወደ እግሬ የሚወርደው ደም ደህና መሆኑን መርምራም ጥብቅ የሕክምና ካልሲ አዘዘችልኝ፤ ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ፣ እግሬ ሳያብጥ የምለብሰው። ሂጂ፣ ተራመጂ፣ ስትቆሚ በእግርሽ ጣቶች ተነሥተሽ ውረጂ፣ ባትሽ ደሙን ይግፋው፣ በየመሐሉ ተኝተሽ እግርሽን ከልብሽ ከፍ አድርጊ አለችኝ። «አንደኛው እግር ብቻ በድንገት አብጦ ካመመሽ ደግሞ ነገ ዛሬ ሳትዪ ሮጠሽ ነይ» አለች።

4. ከልብ ከፍ ማድረግ! በርጩማ በሌለበት ገበያ! እኛም እኩለ ቀን ላይ ጠረጴዛችን ላይ ጆንያ አንጥፈን በጀርባችን ተጋደምን፣ እግራችንን በጎመን ሣጥን ላይ ሰቀልን። ደንበኞች አይተው ሳቁ፣ ቀጥሎ ጠየቁ፣ ቀጥሎ ጫማቸውን አውልቀው ተሰለፉ። ይኸው ባለፈው ዓርብ፣ ቆሞ የሚሸጠውን ገበያዎን ሊያሳዩ ከዋና ከተማ እንግዶች ይዘው ሲገቡ የተቀበለዎት የእግር ሰልፍ ይህ ነው። ራዶይካ ከጎመኑ ኋላ «ደም እየመለስን ነው ጌታዬ፣ አንዴ ይታገሡን!» ስትል አንዷ እንግዳ ሳቋ አፈናት። እርስዎ ግን የአንዳችንንም ፊት ሳያዩ «እነዚህ እግሮች በሙሉ እስከ ሰኞ ከገበያዬ ይውጡ!» ብለው አዘዙ።

ቁስሌ መግጠም ጀምሯል። ሳላርፍ ከቆምኩ ተመልሶ ይከፈታል፤ ከገበያው ከወጣሁ ደግሞ እንጀራዬ ይዘጋል። ስለዚህ የታሰሩት በርጩማዎቻችን በምሕረት እንዲፈቱልን፣ የእኩለ ቀን ዕረፍታችንንም እንዳይከለክሉን፣ ባበጠው እግሬ ተንበርክኬ እለምናለሁ።

የክቡርነትዎን ረጅም ዕድሜና የማያብጥ ቁርጭምጭሚት ዘወትር የምመኝ፣ በትእዛዝዎ የቆምኩ፣ በሐኪም ትእዛዝ የተጋደምኩ፣
ደሳንካ ራዶይቺች፣ አይብ ሻጭ

ማስታወሻ፦ ከተሰቀሉት እግሮች መካከል ከዳር ያሉት፣ ጥቁር ካልሲ ያደረጉት፣ የእናትዎ የወይዘሮ ሊዩቢንካ ናቸው። አይብ ሊገዙ መጥተው እግራቸው አብጦ ስላየሁ እኔው ነኝ ያስተኛኋቸው። ቆዳቸው እንደኔው ጠቁሯል፤ እሳቸውም ጎመን አስረዋል። ድምፅዎን ሲሰሙ ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ ስበው «ዝም በሉ፣ ልጄ እንግዳ አለበት» አሉን። ሐሙስ ጠዋት ዶክተር ኢሲዶራ ጋ ቀጠሮ አላቸው። ሥራ ይበዛበታል ብለው እንዳንነግርዎ አስምለውናል፤ የማልኩት በአፌ ነው፣ ይህ በእጄ የተጻፈ ነው። እርስዎ ካልተመቸዎት እኛ ሱቃችንን ዘግተን እንወስዳቸዋለን። እግሮቻቸው እስከ ሰኞ ከገበያው እንዲወጡ ያዘዙትን ግን እባክዎ እርስዎ ራስዎ ይንገሯቸው። ሲነግሯቸው መቀመጫ ያቅርቡላቸው።