የተገለበጠችው ቅጠል

ጅቡቲ፣ ማክሰኞ፣ የካቲት 15 ቀን 2008 ዓ.ም.

ጠዋት ስቆጥር ያለቀለት በር አራት፣ ማሽኑ ላይ ያለ አንድ። ሥዕሉን ኮምፒውተር ላይ ማዘጋጀት ሁለት ቀን ፈጅቷል፤ እሱ ግን አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ማሽኑ አንዱን በር በሰባት ሰዓት ይቀርጻል፤ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለሱና ቫርኒሹ አንድ ቀን ይጨምራሉ። ጋሽ ታደሰ ያንኑ በር በመሮ ሲቀርጹ አሥራ ዘጠኝ ቀን ይወስድባቸው ነበር።

ሥዕሉ የእሳቸው ነው። የመጨረሻ ሥራቸውን ፎቶ አንስተን ነው የቀዳነው፤ በሩን ብርሃን ላይ ያቆሙልንም ራሳቸው ናቸው። በሠሩት ሁሉ ላይ አንዲት ቅጠል ወደ ታች ገልብጠው ይቀርጻሉ። ከአባታቸው የወረሷት ፊርማ ናት። ማሽኑ አራቱም በሮች ላይ እንዳለች አወጣት።

ከእንግዲህ ሥራ እንደማይኖራቸው ዛሬ ነገርኳቸው። በሮቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ።

«እሺ ልጄ፣ እኔ ልሂድ። ቅጠሏን ግን አጥፋልኝ። እጄ ያልነካው እንጨት ላይ ምን ትሠራለች?»

«ጋሽ ታደሰ፣ ደንበኛው የእጅ ሥራ ነው ብሎ የሚገዛው እሷን አይቶ ነው።»

«አገሬ ገብቼ እኔው ብቀርጻትስ?»

«ከማሽን ቀዱ ይሉዎታል።»

የሚሆነውን ነው የነገርኳቸው። መሮዎቻቸውን በጆንያ ጠቅልለው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ሱቁን ስዘጋም እዚያው ነበሩ።

ነገ፦ ፔካ 12፣ የጭነት መኪኖቹ መቆሚያ ሄጄ፣ ጋሽ ታደሰን እስከ ድሬዳዋ የሚወስዳቸው ሾፌር መፈለግ። ስመለስ ብርጭቆ ወረቀት መግዛት።