ያለ ጋን ስለ ተሰበሰቡ ሰዎች

«መጠጥ ትተናል የሚሉ ሰዎች ሐሙስ ሐሙስ በነጋዴ መጋዘን እየተሰበሰቡ መሆናቸው ተደርሶበታል። ጠላ ያልተጠመቀለት ማኅበር ምን እንደሚመክር ስለማይታወቅ ለጸጥታ ያሰጋል። ስለዚህ ከኅዳር ወር ጀምሮ ስብሰባው ሌሎች ማኅበሮች ወደሚሰበሰቡበት ጠላ ቤት እንዲዛወር፣ በየጊዜውም ቢያንስ አንድ ጋን ጠላ እንዲቀርብበት ታዟል።»

ጥቅምት 26 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች ቢሻው ንብረት
የማኅበራት ፈቃድ ሹም
ወረታ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተ ሰብዎና ከላይ የሰፈረውን ትእዛዝ ለፈረመው ቀኝ እጅዎ ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ቤይሩት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የከበዱኝን መጻሕፍት እንኳ ከሁለት ጊዜ በላይ አላነበብሁም። እኔም ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ነኝ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አረቄ ጠጥቼ ከተውሁ ዛሬ መቶ አራት ቀኔ ስለ ሆነ፣ እጄ ሳይንቀጠቀጥ ልጽፍልዎ በመቻሌ ደስ ብሎኛል። ቅሬታዬን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ባለፈው ሐምሌ ይህን ስብሰባ ፍለጋ ስወጣ በመጀመሪያ የጠየቅሁት የእርስዎን መሥሪያ ቤት ነበር። ጸሐፊዎ አበረ በትዕግሥት ካዳመጠኝ በኋላ፣ «ጋሼ፣ የተዉትን እንኳ አላውቅም፤ የሚጠጡበትን ግን ልንገርዎ» ብሎ አራት ቤት በስም ጠራልኝ። አራቱንም ከእርሱ ይልቅ አውቃቸው ስለ ነበር ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ ስለ ቅንነቱ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። በመጨረሻ መንገዱን ያሳየኝ ጨርቅ ነጋዴው መሐመድአወል ነው። ሰዎቹን በእርሱ መጋዘን፣ በአቡጀዲ ጣቃ መካከል ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ አገኘኋቸው። በከተማው የጠላ ሽታ የማይደርስበት ቤት ፈልገው ወደ አንድ ሙስሊም ነጋዴ መሄዳቸውን እኔ ብልኀት ነው ብዬ ነበር፤ ሴራ መሆኑን ከእርስዎ ተማርሁ።

ሁለተኛ፦ ምክራችንን እንዲያዳምጥ ዘበኛዎን ደሴን ስለ ላኩልን ከልብ እናመሰግናለን። ምክራችን ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ይነሣል፣ ስሙንና ሳይጠጣ የዋለበትን ቀን ቁጥር ይናገራል፣ የከበደው ነገር ካለም ያወጣዋል፣ ይቀመጣል። ደሴ ሁለት ሐሙስ በር ላይ ቆሞ አዳመጠ። በሦስተኛው ገብቶ ከጣቃው ላይ ተቀመጠ። በአራተኛው ተነሥቶ፣ «ደሴ እባላለሁ፤ ለስለላ ነበር የመጣሁት፤ ዛሬ ዘጠኝ ቀኔ ነው» አለ። ከመካከላችን አንዱ፣ «ለሰላያችን ስኳር ጨምሩለት» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። ከእርሱ የስለላ ወረቀት ያልደረሰዎ በዚህ ምክንያት ነው። ሌላ ሰው ቢልኩ ቦታ አለን።

ሦስተኛውን አሳጥሬ ማለፍ አልችልም። ስብሰባውን የጀመረውና ያን ቀልድ የተናገረው ማረው የይፋግ ገበሬ ነው። በክረምት የፎገራ ሜዳ ውኃ በሞላው ጊዜ ልብሱን በራሱ ላይ ተሸክሞ እየተሻገረ ይመጣ ነበር እንጂ አንድ ሐሙስ አላስታጎለም። ሚስቱ አገኘሁሽ ከአባቷ ቤት የተመለሰችለትም እንዳያስታጉል አስምላው ነው። ኅዳር 12 ቀን የሚካኤል ጽዋ ተራው የእርሱ ስለ ሆነ ቤቱ ጠላ ይጠመቃል፤ ለጎረቤቱ ሁሉ በገዛ እጁ እየቀዳ አንዲት ጉንጭ ሳይቀምስ ውሎ ማምሸት አለበት። ከዚያ በፊት ያለችው የመጨረሻ ሐሙስ ኅዳር 9 ናት። በዚያች ቀን ከእኛ ጋር ተቀምጦ እንዴት እንደሚያልፈው ካልመከረ፣ የሚያጣው የቀን ቁጥር ብቻ አይደለም። እርስዎም ምክሩ እንዲቀናለት ጋን ፊት ለፊቱ እንዲቀመጥ አዘዙለት። እርሱ ግን፣ «ጋሼ መንግሥቴ፣ ውኃውን እሻገራለሁ፤ የዚያን ቤት ደጃፍ ግን አልሻገርም፤ ራሴን አውቀዋለሁ» ብሎኛል። እኔም ራሴን አውቀዋለሁ።

አራተኛ፦ ጋኑን ማን እንደሚጠጣው ትእዛዙ አይገልጽም። ሰባት ነን፤ ከነሰላዩ ስምንት። ስምንታችንም ካልጠጣን፣ ለቁጥጥር የሚመጣው ሹም ብቻውን ሊጨርሰው ነው። ለዚህ የሚበቃ ሰው በመሥሪያ ቤትዎ እንደማይጠፋ እተማመናለሁ።

ስለዚህ ስብሰባው በመሐመድአወል መጋዘን፣ ያለ ጋን፣ እንዲቀጥል የሚፈቅድ፣ ቁጥርና ማኅተም ያለበት የጽሑፍ መልስ እስከ ማክሰኞ ኅዳር 7 ቀን 1958 ዓ.ም. ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ እንዲደርሰኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። «ጉዳዩ ይታያል» የሚል ቃል እንደ መልስ አይቆጠርም።

ለጸጥታችን በመትጋት እንቅልፍ ያጡትን ክቡርነትዎን እጅ እየነሣሁ፣ በሻይ ብቻ የሞቅሁት ታዛዥዎ

መንግሥቴ በላቸው

ግልባጭ፦ በገበያው ዋርካ ሥር አልፎ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ማስታወሻ፦ የማረውንና የደሴን ስም የጻፍሁት ራሳቸው ፈቅደውልኝ ነው። ያልፈቀደን ሰው ስም ማውጣት በደንባችን ክልክል ስለ ሆነ፣ ትናንት ቤቴ ድረስ መጥተው ስብሰባው በስንት ሰዓት እንደሚጀመር የጠየቁኝን የተከበሩ ወይዘሮ ስም አልገልጽም። የጠየቁት ለባለቤታቸው ነው። ሰዓቱን ነግሬያቸዋለሁ፤ ቦታውን ግን የሚወስነው የእርስዎ መልስ ስለ ሆነ፣ ማክሰኞ ማታ ራት ላይ እርስዎ ራስዎ ቢነግሯቸው ይቀላል።