ሺህ ሰዓት አይብ ያሸግሁበት ምክንያት

ውድ እህቴ ማርቫ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? የባልሽ የላይል ወገብስ ተሻለው? የአላስካ ትንኝ ጨረሳችሁ ወይስ ተረፋችሁ? እኛ ደኅና ነን። ዴልማርም እንደ ልማዱ ያኮርፋል፣ እንደ ልማዱ ይበላል።

አምና በስልክ «በስልሳ ሁለት ዓመትሽ አይብ ፋብሪካ መቀጠር? ማበድሽ ነው?» ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። አላበድኩም እህቴ። የመምህርነት ዘመኔ የጡረታ ቁጠባ በአስተዳደር ክፍያ ብቻ አይጥ እንደገባበት ጎተራ ሲጎድል ኖሯል። ዴልማር የሚሠራበት አይብ ፋብሪካ ግን የሠራተኞቹን ቁጠባ ያኖረው የብዙ ድርጅቶች ጡረታ አንድ ላይ በሚተዳደርበት የጋራ አደራ ውስጥ ነው፤ ክፍያው ከምንም አይቆጠርም። እኔንም አስገቡኝ ብዬ ፋብሪካው ቢሮ ብሄድ እዚያ የምትሠራው ልጅ ሕጉን አነበበችልኝ። አደራው ከግለሰብ አይቀበልም፤ እንደ እኔ ካለው የትምህርት ቤት ቁጠባም በቀጥታ አይቀበልም፤ የሠራተኛ ሚስት መሆንም አያስገባም። የሚገባው የፋብሪካው ሠራተኛ ነው፣ እሱም በዓመት ሺህ ሰዓት ከሠራ። አንዴ ከገባ ግን የድሮ ቁጠባውን ይዞ መምጣት ይችላል። እንግዲያውስ ቅጠሩኝ አልኳታ!

የፈረቃ አለቃዬ በርኒስ ትባላለች፤ ምላሷ አይጣል ነው። የመጀመሪያ ቀን «ፕሮፌሰር፣ አይብ መጽሐፍ አይደለም፤ አትመርምሪው፣ አሽጊው!» አለችኝ። ፌብሩዋሪ ላይ በረዶ አዳልጦኝ እጄ ተሰበረና ስድስት ሳምንት ተኛሁ። ዓመቱ ሊሞላ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ብቆጥር የቀሩኝ ፈረቃዎች ተደምረውም አሥራ ስድስት ሰዓት ይጎድለኛል። ካልሞላ እንደገና ከዜሮ ነው። አልዋሽሽም፣ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። በርኒስ አየችኝና «ሁለቱን ቅዳሜዎቼን ውሰጂ፤ እኔ ዓሣ ላጠምድ ነው» አለች። ውሸቷን ነው፤ መንጠቆ እንኳ የላትም።

ሞላልኝ፣ ማርቫ! ስሜ ገባ! በደስታ ኬክ ጋግሬ ይዤላት ሄድኩና የአንቺስ ቁጠባ ስንት ደረሰ ብዬ ጠየቅኋት። «የምን ቁጠባ?» አለችኝ። ለካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መግባት ስትችል አንድ ቀን አልተመዘገበችም። አንቺ ሴት ምን ነካሽ ብዬ ልቆጣ ስል ያልተሞላውን የመመዝገቢያ ቅጽ ከሳጥኗ አውጥታ ገልበጥ ገልበጥ አደረገችና «መነጽሬን ረስቼ መጣሁ፤ እስቲ አንብቢልኝ» አለችኝ። መነጽሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ሠላሳ አንድ ዓመት አንደኛ ክፍል ሳስተምር ይህን ሰበብ ስንቴ ሰምቻለሁ! አንጀቴን በላችው። የመነጽሩን ነገር ሳላነሣ መስመር በመስመር አነበብኩላት፤ ፈረመች።

ስሜ እንደገባ ሥራውን ልለቅ ነበር ሐሳቤ። አሁን ግን በየቀኑ በምሳ ሰዓት ከበርኒስ ጋር የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ይዘን እንቀመጣለን። ትናንት የልጅ ልጇ የላከላትን የልደት ካርድ ብቻዋን አንብባ ጨረሰች። ከዚያም እንደገና አነበበችው። ፈረቃችን ላይ ሁለታችንም ዘገየን፤ የተቆጣን ግን የለም፤ አለቃዋ እሷው አይደለች!

ላይልን ወገቡን አደራ በይልኝ፤ ትንሿን ቴሳን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ያን ሰነፍ ውሻችሁንም እሺ፣ ሰላም በይልኝ። ዴልማርም ሰላም ብሏል፣ አፉ ሙሉ ስለሆነ በእጁ ነው።

የምትወድሽ እህትሽ አርሊስ
ኤልም ሪጅ፣ ዊስኮንሲን
ጁላይ 11 ቀን 2024