በቆዳ የተሰፋው የሐኪም ወረቀት

ለክቡር እንግሊዝኛ ቋንቋ
ባሉበት (የሌሉበት ስለሌለ አድራሻዎን መፈለግ አላስቸገረኝም)

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የምኖር፣ እርስዎን ሃያ ሁለት ዓመት በማስተማር እንጀራዬን የበላሁ ሰው ነኝና፣ የምጽፍልዎ እንደ ባዕድ ሳይሆን እንደ ቤተኛ አገልጋይ ነው።

፩. ስለ ዕድገትዎ እንኳን ደስ አለዎ። ዓለሙን በመጀመሪያ በመርከብና በመድፍ፣ ቀጥሎ በንግድ፣ አሁን ደግሞ በፊልም፣ በኮምፒዩተርና በሕክምና መጽሐፍ እንዴት እንደያዙት ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስረዳለሁ። ባለቤቶችዎ የብራና መጻሕፍታችንን ከመቅደላ በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ከሄዱ ወዲህ፣ መደርደሪያችን ባዶ እንዳይሆን የራስዎን ስለላኩልን ከልብ እናመሰግናለን።

፪. ይህ አክስቴን አየለችን የሚመለከት ነው። እኔን ላለማስቸገር ብላ ሳትነግረኝ ከመካነ ብርሃን መጥታ በአንድ ክሊኒክ ዓይኗን ታየች፤ ሐኪሙም የተማረው በእርስዎ ነውና በእርስዎ ጽፎ ወረቀት ሰጣት። አገሯ ስትመለስ ለመሪጌታ አወቀ አሳየቻቸው። የመጣላቸውን ጽሑፍ ሁሉ የሚያነቡት መሪጌታ አላውቅም ማለት ከብዷቸው በክብር ያዥው አሏት። በእኛ ዘንድ የማይነበብ ጽሑፍ በክብር የሚያዝበት መንገድ አንድ ነው፤ እንደ ክታብ በቆዳ አሰፍታ አንገቷ ላይ አሰረችው።

፫. ይህኛው የራሴ ጥፋት ነው። በዚያው ሰሞን ለተዝካር ሄጄ ሁለት ቀን አብሬያት ስሰነብት አዲሱን ቆዳ አይቼ፣ የተማርሁ ነኝና በሆዴ ስቄ ዝም አልሁ። ስፌቱን የተረተርነው ከአራት ወር በኋላ፣ ግራ ዓይኗ ከጠፋ ወዲያ ነው። ወረቀቱ በአሥር ቀን ውስጥ ካልተመለሰች ዓይኗ እንደሚጠፋ ይናገራል። አንድም ስሕተት የለበትም፤ ተማሪዬ ቢጽፈው አሥር ከአሥር እሰጠው ነበር።

ለምን እኔን አላስነበብሽኝም ብዬ ብቆጣት፣ «ምነው ልጄ፣ ክታብ ተነብቦ ያውቃል?» አለችኝ።

ምን እንደምለምንዎ አላውቅም። ይሂዱልን እንዳልል ደመወዜ እርስዎ ነዎት፤ ሐኪሙም ያለ እርስዎ ሕክምና የሚማርበት መጽሐፍ የለውም። ዝም እንዳልል ደግሞ አክስቴ ደጃፏን በእጇ እየዳበሰች ስትወጣ አያለሁ።

ዕድሜና ጤና ከሰፊው ግዛትዎ ጋር እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ታማኝ አገልጋይዎ
የሻው አንዱዓለም፣ የእንግሊዝኛ መምህር

ማስታወሻ፦ ለቀኝ ዓይኗ ባለፈው ሳምንት አዲስ ወረቀት ተሰጥቷታል፤ አሁንም በእርስዎ ነው። በአማርኛ ገልብጬ ሰጠኋት። የእርስዎን ለቆዳ ሰፊው ልካዋለች፤ የእኔ ግን ስለሚነበብ ኃይል የለውም ብላለች።