አባባና አራተኛው ፓምፕ

ለምወድሽ እትዬ፣

እንዴት ነሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባልሽ እንዴት ነው፣ ሥራው አሁንም ሌሊት ሌሊት ነው? ትልቋ ልጅሽ ጥርሷ በቀለላት? ትንሹስ ጫማ አላደርግም እያለ አሁንም ያስቸግርሻል? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ አፏ ጤነኛ ነው፣ እኔን ስትቆጣ ነው የምትውለው። አባባም ደህና ነው። ደህና ነው ስልሽ ግን አንጀቴ እያረረ ነው፣ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ባለፈው ስንደዋወል ሁለት ነገር ጠይቀሽኝ ነበር። አንደኛው መኪናዋ ተነሣች ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ስደውል አባባ ለምን አያናግረኝም፣ እሱ ሳይወድ ስለሄድኩ ቂም ይዞብኝ ነው ወይ ብለሽ አለቀስሽ። አሁን የሁለቱም መልስ አለኝ፣ በስልክ የሚነገር ስላልሆነ ጻፍኩልሽ።

በመኪናዋ ልጀምር። የድሮው ሞተር እንደሞተ ታውቂያለሽ። ጎረቤታችን መካኒኩ፣ ያው ብሎን የምንለው፣ ከተጋጨ መኪና የወረደ ደህና ሞተር አገኘልንና እሱን አስገባን። ልክክ ብሎ ገባ። ጣጣው የመጣው ከቤንዚን ፓምፑ ነው። የድሮው ሞተር በካርቡራተር የሚሠራ ስለነበር ቤንዚኑ ቀስ ብሎ ቢመጣለትም ይበቃው ነበር። አዲሱ ግን በኃይል ካልተገፋለት አይቀምስም። እኛ ይሄን ሳናስብ ለድሮው የሚሆን ትንሽ ፓምፕ አሰርንለት። አባባ ሳያየን ስንሞክረው ተነሣ፣ ሁለቴ አሳለና ጠፋ። እሺ፣ ይሄ የኛ ጥፋት ነው፣ አልከራከርም።

ብሎን እንግዲያው ሰልባቲዮው፣ ያው የቤንዚን ማጠራቀሚያው ውስጥ፣ ቤንዚኑ መሃል የሚቀመጥ ፓምፕ ነው የሚያስፈልገው አለ። ሰልባቲዮውን አውርደን፣ ልብሳችን ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ሸቶ ገጠምነው። የአባባን ሕግ መቼም አትረሺውም። መኪናዋ ከተነካች የመጀመሪያውን ቁልፍ የሚያዞረው እሱ ነው፣ ያውም ቤንዚኑ መምጣቱን በጆሮው ሳይሰማ አያስነሣም። መጣ፣ ተቀመጠ፣ ቁልፉን ግማሽ አዞረ፣ አንገቱን ዘንበል አደረገ። እኔና ብሎን ፓምፑ እዝዝ ሲል ሰምተናል። አባባ ግን ቁልፉን መለሰና ወርዶ ይሄ አይሠራም፣ አውጡት አለን። ብሎን ኧረ አባባ እየሠራ ነው፣ ያዳምጡት እንጂ ቢለው፣ አንተ ነህ እኔን አዳምጥ የምትለኝ ብሎ ተቆጣና ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ገባ።

እኔ ርካሽ ዕቃ ገዛችሁ ማለቱ መስሎኝ ከብሎን ጋር የመለዋወጫ ሱቆቹን አንድ በአንድ አዳረስኩ። አንዱ ባለሱቅ፣ ይሄ በጣም ዝምተኛ ነው፣ መኖሩንም አታውቁት ብሎ ምሎ ሸጠልን። ሰልባቲዮው እንደገና ወረደ። አባባ ቁልፉን አዞረ፣ ዘንበል አለ፣ ይሄማ ከፊተኛውም የባሰ ነው አለ። እትዬ፣ እዚያች ላይ ደሜ ፈላ። ቁልፉን ከእጁ ልነጥቀው ምንም አልቀረኝም። የሚሠራውን አይሠራም የሚል ሰው ምን ይደረጋል? ለእማዬ ሄጄ ብነግራት ዝም ብላ ልብሷን ታጥፋለች። እማዬ መቼ ዝም ብላ ታውቃለች? ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ብሎን በመጨረሻ ለነገር ብሎ ከአሮጌ የጭነት መኪና የወለቀ ትልቅ ፓምፕ አመጣና ከሹፌሩ ወንበር ሥር አሰረው። ግፊቱስ ይበቃል፣ ጩኸቱ ግን የወፍጮ ቤት ነው። ገና ቁልፉ ግማሽ ሲዞር ወንበሩ ይንዘፈዘፋል፣ መስኮቱ ይርገፈገፋል። ጎረቤት ሁሉ ምን መጣ ብሎ ብቅ አለ። አሁን ሁለታችንንም ያባርረናል ብዬ ስጠብቅ አባባ መሪውን ይዞ ፈገግ አለ። ፓምፕ ማለት ይሄ ነው አለ። አስነሣት፣ ጥቂት አሠራትና አጠፋት።

ጸጥ ሲል ስልክ ጮኸ። የአባባ ስልክ ነው፣ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ። አንቺ ነበርሽ፣ የእሑድ ጥሪሽ። አሮጌ ስልኩ መንዘር አያውቅም፣ መጮህ ብቻ ነው የሚችለው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ ብሎን ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ እንሰማዋለን። አባባ ግን ስልኩ ደረቱ ላይ እየጮኸ መሪውን እያሻሸ ፈገግ እንዳለ ተቀምጧል። ጮኾ ጮኾ ተቋረጠ። ብሎን ወጥቶ አየኝ፣ እኔም አየሁት።

አባባ አይሰማም፣ እትዬ። ፊት ለፊት ጮክ ብለው ሲያናግሩት አፍ እያየ ይመልሳል፣ እኛ ቤት ደግሞ ማን ቀስ ብሎ ያወራል? አይሠሩም ያላቸው ሁለቱ ፓምፖች እንከን አልነበራቸውም። አራተኛውን የወደደው ከሥሩ ሲንዘፈዘፍ በመቀመጫው ስለተሰማው ነው። እማዬ ላይ ሄጄ ስጮህባት ታውቅ ኖሯል። ልጆቹ ከሰሙ ቁልፌን ይነጥቁኛል ብሎ አስምሏታል። የምትደውዪበት ሰዓት ሲደርስ ስልኩን ለእሷ እየሰጠ ወደ ጓሮ የሚሄደውም ለዚህ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ አንቺ እዚያ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እዚህ ሰልባቲዮ አወርዳለሁ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተማምለው ቁጭ ብለዋል። አሁንም እየጻፍኩልሽ እናደዳለሁ። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብለው እሺ አላለኝም፣ የቁልፉንም ነገር ምን እንደማደርግ ገና አላወቅኩም።

ዛሬ ጠዋት ግን ጥያቄሽን በወረቀት ላይ በትልቁ ጽፌ መነጽሩን አቀበልኩት፣ ዓይኑ እንደሆነ ደህና ነው። አባባ ቂም ይዞብኛል ወይ ትልሃለች የሚል ነው። አነበበው፣ ደግሞ አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና ማወቄን አወቀ። እኔ? በእሷ ላይ? አለ። ያን ያህል ተናድጄበት ሳለ አንጀቴን በላው። ቆይቶ እስክሪብቶ አምጣ አለኝ፣ ከታች ቦታ ትቼለታለሁ። ከእንግዲህ ጻፊለት፣ ፊደሉን ተለቅ አድርጊው። ስለ ፓምፑም ጠይቂው፣ የሚነግርሽ ብዙ አለው።

እማዬ ጉንጭና ጉንጭሽን ስማሻለች፣ ምስጢሩን ደብቃ ስላስለቀሰችሽም አፍራለች። ብሎን ጤና ይስጥልኝ በልልኝ ብሏል። ባልሽን ሰላም በዪልኝ። ትልቋን ሳሚልኝ። ትንሹን ጫማህን ካላደረግህ አያትህ መኪናዋ ላይ አያወጣህም በዪው።

ወንድምሽ
ከቤት፣ ከመኪናዋ አጠገብ
ማክሰኞ፣ ጥር 16 ቀን

ልጄ፣ ድምፅሽ ጠፋብኝ እንጂ ቂምስ የለኝም። መኪናዋ ተነሥታለች። ስትመጪ የምቀበልሽ እኔ ነኝ። አባትሽ።