አደን የተከፈተ ዕለት ስለተዘጋው በር

ለተከበሩ አቶ ሌናርድ ማኪኔን
የብላክ አልደር አውራጃ የምርጫ ጸሐፊ

ክቡር ሆይ፣

ከአጋዘን አደን በሰላም መመለስዎን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ያ የሚያምዎት ጉልበትዎም በጫካው ብርድ እንዳልባሰብዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ የሚያውቁኝ አይሊ ኮስኬላ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ ቢሮዎን ዝግ ሆኖ ስላገኘሁት እንጂ እርስዎን ለማሳጣት አይደለም።

ዳኛ ሩት ፔልቶ በዳኝነት ምርጫው በሁለት ድምፅ ተሸንፈው ወንበራቸውን ለጠበቃ ዳሪል ቮስ እንደሚለቁ እርስዎ በይፋ አሳውቀውናል። ድጋሚ ቆጠራ ከመለመኔ በፊት ግን ምስጋናዬን ላስቀድም።

፩ኛ/ ማክሰኞ ዳኛዋ በአራት ድምፅ እየመሩ ነው አሉን፤ ረቡዕ መሪነታቸው ሦስት ሆነ፣ ሐሙስ ግን በሁለት ተሸነፉ። ዓርብም ቢቆጠር የት እንደምንደርስ እግዜር ይወቀው፤ ሐሙስ ላይ በማቆምዎ ከጭንቀት ገላግለውናል።

፪ኛ/ ከሐይቁ ማዶ ያሉ ሰዎች የሰጧቸው ዐሥራ ዘጠኝ የድምፅ ወረቀቶች በአስመራጩ ፒክአፕ ላይ፣ ለአጋዘን ማባበያ በተገዛ የካሮት ጆንያ ሥር መገኘታቸውን ሳይደብቁ ነግረውናል። ያለ ድጋሚ ቆጠራ እንደማይከፈቱም አስረድተውናል። ካሮቱ ግን በሰዓቱ ጫካ ደርሷል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባዎታል።

፫ኛ/ መራጭ ድጋሚ ቆጠራ ለመጠየቅ የተሰጠው የመጨረሻ ቀን ኖቬምበር ዐሥራ አምስት ነበር። ማመልከቻዬን ይዤ ስመጣ በሩ ላይ «አደን ተከፍቷል፣ ነገ እንገናኝ» የሚል ወረቀት ጠበቀኝ። በማግስቱ ረዳትዎ ካርላ፣ «እማማ አይሊ፣ ምን ላድርግልዎት? ቀኑ እኮ ትናንት አለፈ» አለችኝ። ትናንት ዝግ ነበራችሁ ብላት፣ «የዘጋነው እኛ ነን እንጂ ቀኑ መች ተዘጋ!» አለችና ከረሜላ ጋበዘችኝ። ከረሜላውን ተቀብዬ ወጣሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ክቡር ሆይ፣ እኔ ስለ ፖለቲካ ብዙም አላውቅም። የሟች ሴት ልጄን ልጅ ማሪትን እያሳደግሁ ነው። ዳኛ ፔልቶ የአሳዳጊነት ጉዳያችንን ሁለት ዓመት ሰምተው፣ ልጅቷንም በስሟ ጠርተው አነጋግረው እኔ ዘንድ እንድትቆይ አድርገዋል፤ የመጨረሻው ውሳኔ በጃንዋሪ፣ ምርጫውን ባሸነፈው ዳኛ ነው። አቶ ቮስ ደግሞ «እንዲህ ያለውን መዝገብ ልጆቹን ለአባታቸው መልሼ በአንድ ወር እዘጋለሁ» እያሉ በየአዳራሹ ሲጨበጨብላቸው የከረሙ ሰው ናቸው። የማሪት አባት ልጁን ያያት ሁለት ጊዜ ነው። ጠበቃ የለኝም፤ ምን እንደማደርግም አላውቅም፤ ፈርቻለሁ።

ስለሆነም እነዚያን ዐሥራ ዘጠኝ ወረቀቶች የካሮቱን አፈር አራግፈው ይቆጥሩልን ዘንድ እለምናለሁ። ዳኛዋ የሚሸነፉ ከሆነም ተቆጥሮ ይሸነፉ።

ላደረጉልንም ላላደረጉልንም እኩል የማመሰግንዎ፣ ዘንድሮ ባለ ዐሥር ቅርንጫፍ ቀንድ አጋዘን እንደጣሉ ሰምቼ የተደሰትኩልዎ፣ በተዘጋው በርዎ ፊት ግማሽ ቀን የቆምኩት የክፍል ጓደኛዎ፣

አይሊ ኮስኬላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማሪት ሰባት ዓመቷ ነው። በአደን ወቅት፣ አዳኞች ከሩቅ አይተው እንዳይተኩሱብን፣ ያለ ብርቱካናማ ሰደርያ ከቤት እንደማይወጣ ታውቃለች። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «አያቴ፣ ፍርድ ቤት ስንሄድ ሰደርያዬን ልልበስ? እንዲያዩኝ» አለችኝ። ልበሺ አልኳት።